ለአዲስ አበባ የጉዞ ወኪሎች ግልጽ ደብዳቤ፦ ዛንዚባርን ስትሸጡልን ባሕሩንም ንገሩን

የተከበራችሁ የጉዞ ወኪሎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከመካከላችሁ ለአንዱ ብቻ አይደለም። እኔንና ባለቤቴን የላከን ድርጅት ስም እዚህ የለም። ከተመለስን በኋላ የሌሎቻችሁንም በራሪ ወረቀቶች ሰብስቤ ሳነብ ቃላቱ ሳይቀሩ አንድ ዓይነት ሆነው አገኘኋቸውና አንዱን ለይቶ መጥራቱ ትርጉም አጣብኝ። ሁሉም ላይ ያው ሰማያዊ ውኃ፣ ያችው መነጽር ያጠለቀች ሳቂታ ሴት፣ ከሥሯም «ስኖርክሊንግ ተካቷል» የሚል ያው አንድ መስመር አለ። የምጽፈው ስለዚያ መስመር ነው።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የጀሪካን ውኃ ላዩ ላይ ስስ በረዶ ሠርቶ በምናገኝበት ከተማ ያደገ ሰው፣ ውኃ ውስጥ ለመዝናናት ተብሎ እንደሚገባ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ባለቤቴ ግን የባሕር ዳር ልጅ ነው። ጣና ዳር ከታንኳ ላይ እየዘለለ ያደገ፣ ዋና የማይችል ሰው ሲያይ ከልቡ የሚያዝን፣ ላንጋኖ በሄድን ቁጥር ዳር ቆሜ እግሬን ስነክር የሚስቅብኝ ሰው ነው። በትዳራችን 20ኛ ዓመት ወጪያችንን አብቃቅተን ዛንዚባርን መረጥን። ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ገደማ ቢበር የሚደረስበት፣ ውድ ቢሆንም የማይቻል ያልሆነ ቦታ ነው ብለን ነው።

ቢሮው ውስጥ የተቀበለችን ወጣት ትሑትና ቀልጣፋ ነበረች። ፓስፖርት ጠየቀችን። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችንን ጠየቀችን። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ዛንዚባር ለሚገባ የውጭ ዜጋ ግዴታ የሆነውን የ44 ዶላር መድን ግን ሳትነግረን ቀርታ ኋላ ራሳችን ደረስንበት። ወረቀቱ ላይ ጣቴን አሳርፌ «ይሄ ስኖርክሊንግ የሚባለው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ጀልባ ላይ ሆናችሁ ዓሣ የምታዩበት ነው፤ በጣም ነው የምትወዱት» አለችኝ። አልዋሸችም፤ እሷም አይታው አታውቅም። እኔም ያንን ይዤ ለጀልባ ሽርሽር የሚሆነውን ሸከፍኩ፦ ነጠላ፣ የእጅ ቦርሳ፣ የተዘጋ ጫማ።

እስቲ አሁን ያኔ ቢነገረኝ ኖሮ የምወደውን ልንገራችሁ። ስኖርክሊንግ ጀልባ ላይ ሆኖ ዓሣ ማየት አይደለም። ከጀልባው ወርዶ ጥልቁ ባሕር ላይ በደረት መተኛት፣ ዓይንንና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍን መነጽር አጥልቆ ፊትን ውኃ ውስጥ መንከር፣ ከጆሮ አጠገብ ወደ ላይ በቆመች አንዲት የፕላስቲክ ቱቦ በአፍ ብቻ መተንፈስ ነው። በአፍንጫ መተንፈስ አይቻልም። ማዕበል ቱቦዋን ካለፈ የሚገባው አየር ሳይሆን የጨው ውኃ ነው፤ ያኔ ሳይደነግጡ በኃይል «ቱፍ» ብሎ ማስወጣት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በአምስት ደቂቃ ይለመዳል፤ ከባድ ነገር አይደለም። የሚለመደው ግን ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ነው እንጂ እግር መሬት በማይነካበት ቦታ ከሞተር ጀልባ ላይ ተወርዶ አይደለም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ገባን። ዳግም ትንሣኤ ባለፈ በማግስቱ መሆኑ ነው። ሆቴሉ ማቴምዌ የሚባለው የምሥራቅ ዳርቻ መንደር ውስጥ ነበር። እንግዳ ተቀባዩ ወጣት ለነገው ጉዞ «ሳ ምቢሊ» ሲል ባለቤቴ ገርሞት ዞር አለ፤ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ስዋሂሊዎች እንደ እኛው ሰዓታቸውን የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው፤ ፈረንጁ ስምንት የሚለውን እነሱም ሁለት ይሉታል። «ሳ» ብሎ ሰዓት፣ «ባሃሪ» ብሎ ባሕር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር ሄጄ የእጅ ሰዓቴን በአእምሮዬ ሳልመነዝር ዋልኩ። ወረቀታችሁ ላይ ይህችን ብታሰፍሩ ምን ያህል ሰው ደስ ይለው ነበር!

ጠዋት ወደ ዳርቻው ስንወርድ ማታ ያየነው ባሕር የለም። ሸሽቷል። ጀልባዋ ርቃ ቆማለች፤ በእሷና በእኛ መካከል ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውኃ፣ አሸዋና ጥቁር እሾሃም የባሕር ጃርት አለ። ቀሚሳቸውን ሸብ ያደረጉ ሴቶች ጎንበስ ብለው በገመድ ላይ የሚያለሙትን የባሕር አረም ይለቅማሉ። እኔ የተዘጋ ጫማዬን በአንድ እጄ፣ ቦርሳዬን አናቴ ላይ ይዤ በባዶ እግሬ ስራመድ፣ አንዷ እናት ቀና ብላ እያየችኝ ሳቀችና የራሷን የጎማ ጫማ በጣቷ አሳየችኝ። ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ ዘገየ እንጂ።

ጀልባዋ የእንጨት ናት፤ ሸራ ጣሪያና አንድ ሞተር አላት። አሥራ አራት እንግዶች፣ አንድ ሞተረኛና አንድ አስጎብኚ ነበርን። ወደ ምኔምባ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው። ምኔምባ ኮራል በሚባለው ድንጋይ መሳይ ነገር ረጅም ክምር መካከል ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ዙሪያዋ ያለው ውኃ በ2002 እ.ኤ.አ. የባሕር ጥበቃ ቀጣና ሆኗል። በራሪ ወረቀታችሁ «ውብ የሆነችውን የምኔምባ ደሴት ይጎብኙ» ይላል። አይጎበኝም! ደሴቲቱ ላይ ያለው ውድ የግል ሎጅ ስለሆነ ከሎጁ እንግዳ በቀር ማንም አይረግጣትም። ከሩቅ ዛፎቿንና ነጭ አሸዋዋን አየን፤ የሚጎበኘው ከውኃው በታች ያለው ነው። ይህን ደሴቲቱ ላይ ፎቶ ሊነሱ ነጭ ልብስ ለብሰው ለመጡ አዲስ ሙሽሮች ማስረዳት የነበረበት ማን ነው? ሲያስረዳቸው ያየሁት ግን ያንን ምስኪን አስጎብኚ ነው።

ልጁ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ቆመና በእንግሊዝኛ «ሁላችሁም ዋና ትችላላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። እንግዶቹ እጃቸውን አወጡ። ባለቤቴ ከሁሉም አስቀድሞ ነበር ያወጣው፤ «በጣም ጥሩ እችላለሁ» አለ። እኔ ብቻ ራሴን ነቀነቅኩ። ልጁ ፈገግ ብሎ «ፖሌ ፖሌ፣ ማማ» አለኝ፤ ቀስ በቀስ ማለቱ ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ራሱ አስሮ አጠበቀልኝ፣ መነጽሩ ውስጥ ምራቁን እትፍ ብሎ አሸት አሸት አደረገና በባሕር ውኃ አለቀለቀው። ደነገጥኩ እንጂ ብልሃት ኖሯል፤ መስታወቱ በእንፋሎት እንዳይጋረድ ነው። ከዚያ ሹሩባዬን ከግንባሬ ላይ ወደ ኋላ ሰብስቦ ከመነጽሩ ጎማ አወጣው። አንዲት ዘለላ ጸጉር ከጎማው ሥር ከገባች ውኃ መንገድ ታገኛለች አለኝ። በገመድ የታሰረ ትልቅ ቀለበት ጎማ ሰጠኝና የገመዱን ጫፍ እሱ ያዘ።

ፊቴን ነከርኩ።

በቃላት ልገልጸው አልችልም ብዬ ብቻ ባልፈው ይቀለኝ ነበር፤ ግን እዚህ ልቆይ፤ ምክንያቱም እናንተ የምትሸጡት ይህንን ነው፣ አንዳችሁም ግን በትክክል አላስተዋወቃችሁትም። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ነው፤ እንደ ወናፍ «ሹፍ፣ ሹፍ» ይላል። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፣ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው። ከሥሬ አረንጓዴና ሮዝ የተቀላቀለበት፣ የክንድ ያህል የሚረዝም ዓሣ በምንቃሩ ኮራሉን ይቆረጥማል። በቀቀን ዓሣ ይሉታል። ድንጋዩን ይቆረጥማል፣ ያደቅቃል፣ ነጭ አሸዋ አድርጎ በኋላው ያወጣዋል። ዓይኔ እያየ ከኋላው ነጭ ጉም በተነ። ማታ በባዶ እግራችን እየተራመድን «እንዴት ለስላሳ ነው» ያልነው አሸዋ ከፊሉ የዚህ ዓሣ ኩስ መሆኑን ስሰማ ቱቦውን ነክሼ ሳቅኩ፤ ሳቁም ውኃ አስገባብኝ፤ «ቱፍ» አልኩ፤ ወጣ።

ኮራሉ ራሱ ድንጋይ መስሎ ይታያል እንጂ እንስሳ ነው፤ እልፍ አእላፍ ደቃቅ እንስሳት አንድ ላይ የሠሩት ቤት። እዚህም እዚያም አጥንት የመሰለ ነጭ ቁራጭ አየሁ። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ ውስጡ እየኖሩ ቀለምና ምግብ የሚሰጡትን፣ አልጌ የሚባሉ ደቃቅ ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት አውጥቶ ይጥልና ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታል። በሚያዝያ 2016 የዓለም ሳይንቲስቶች አራተኛውን ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ያወጁት ለዚህ ነው፤ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስም አላመለጠም። እንግዲህ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ነው አንዱ እንግዳ ደክሞት በጎማ ጫማው የቆመበት። አስጎብኚው ጮኸበት። ስለ ኮራል የነገረው ሰው ስላልነበረ ድንጋይ ላይ መቆሙ ነበር የመሰለው።

ስለ ባለቤቴ ላውራ፤ ፈቅዶልኛል።

ጃኬቱን አልለበሰም። ብብቱን ያዘውና «ይሄ ለማይችል ነው» አለ። መነጽሩን ራሱ አጠለቀ። የዘነጋው ነገር ቢኖር ጢሙን ነው። ከሠርጋችን በፊት ጀምሮ ያለ፣ ሞላ ያለ ጢም ነው፤ የመነጽሩ ጎማ ደግሞ የሚያርፈው ከላይኛው ከንፈር በላይ፣ ልክ እሱ ላይ ነው። ጎማና ቆዳ እንጂ ጎማና ጢም አይጣበቁም። ውኃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ቀስ እያለ ይገባበት ነበር። አፍንጫው ውስጥ የጨው ውኃ ሲገባ ጊዜ ቀና ይልና ያፈሰዋል፣ እንደገና ይነክራል፣ እንደገና ይሞላል። ጣና ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ ቀና ብሎ ያረፈ ሰው እዚያው ነው ያለው። እዚህ ግን ቀና ባለ ቁጥር ከጀልባዋ እየራቀ ነበር።

በጣቱ ምልክት አላደረገም፣ አልጮኸም። የሚሰምጥ ሰው ይጮኻል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ለትንፋሽ ያልበቃ አየር ለጩኸት ከየት ይመጣል? እኔ ያየሁት እጁን ነው። ከጀልባዎቹ መካከል (የዚያን ቀን ከአሥር የማያንሱ ጀልባዎች ነበሩ፤ ሞተራቸውን ያላጠፉም አሉ) ክንዱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እየዋኘ ነው፣ ወደ እኛ እየዋኘ ነው፣ ግን አይቀርብም። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲባል የኖርኩት ተረቱን ነው፤ ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። ከአፌ የወጣው «እመብርሃን!» የሚል ብቻ ነው፤ ቀኑም የማርያም ነበር። አስጎብኚው አማርኛ አያውቅም፤ ፊቴን አይቶ ግን ዞረ። የእኔን ገመድ ለሞተረኛው ወረወረለትና እንደ ዓሣ ሄደ። በግድ ወደ ጀልባው ፊት ለፊት አልጎተተውም፤ ከሚጎትተው የባሕር ጅረት ጋር በሰያፍ ይዞት ወረደና ሞተረኛው ዞሮ አነሳቸው። ምናልባት ስድስት ደቂቃ ነው። በእነዚያ ስድስት ደቂቃዎች ሌሎቻችን አሥራ ሦስቱ ያለ አስጎብኚ ውኃ ላይ ነበርን።

ባለቤቴ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተደፍቶ ለረጅም ጊዜ አስመለሰው። ቀና ሲል መጀመሪያ የተናገረው «ጣና እንዲህ አይጎትትም» የሚል ነው።

ስንመለስ ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ በቀስታ አስረዳን። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አሮጌዋ ጠፍታ አዲሷ ስትወለድ ባሕሩ ከወትሮው አብልጦ ይሞላል፣ አብልጦም ይጎድላል። በዛንዚባር በእነዚህ ቀናት በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል፤ ይህ ሁሉ ውኃ በስድስት ሰዓት ውስጥ በኮራሉ ጠርዝ በኩል መውጣት ወይም መግባት አለበት። አዲሷ ጨረቃ የተወለደችው እሑድ ነበር፤ እኛ ባሕሩ ውስጥ የገባነው ማክሰኞ፣ ውኃው በሚሸሽበት ሰዓት። «ለጀማሪ ዛሬ አይደለም፤ ወይም በሌላ ሰዓት ነው» አለን። «ታዲያ ለምን ወሰድከን?» አለ ባለቤቴ፣ ድምፁ ገና ሻካራ ነው። ልጁ ትከሻውን ሰበቀ። ቀኑና ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ተወስኖ፣ ተከፍሎበት ነው የመጣው፤ ሆቴሉ ቢቀይር ገንዘቡ አይመለስለትም፣ ልጁ እምቢ ቢል ነገ ሌላ ልጅ ይጠራል።

እንግዲህ የቅሬታዬ ልብ ይኸው ነው። ባሕሩን አላማርርም፤ ባሕር ባሕር ነው። ልጁንም አላማርርም፤ ባለቤቴን መልሶልኛል። ቅሬታዬ ባሕሩን በሚያውቀው ሰውና ባሕሩን በማያውቀው መንገደኛ መካከል እናንተ ቆማችሁ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሳለፋችሁት ገንዘብ ብቻ መሆኑ ነው።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ፤ ስልክ ደውዬ ሰምቼዋለሁ። «የጀልባው ጉዳይ የጀልባው ባለቤቶች ኃላፊነት ነው፣ እዚያ ማብራሪያ ይሰጣል» ነው። አዎ፣ ይሰጣል፤ በእንግሊዝኛ፣ በሞተር ድምፅ ውስጥ፣ በሁለት ደቂቃ። ባለቤቴ እንግሊዝኛ ያውቃል፤ መሥሪያ ቤቱ የሚጽፈውም በእሱ ነው። ግን የጨው ውኃ አፍንጫው ሲገባ ያ እንግሊዝኛ የት እንደሄደ እንጃለት። ሰው የሚደነግጠው በእናቱ ቋንቋ ነው። ቀድሞ በዚያ ቋንቋ የሰማው ነገር ካለ እሱ ይመጣለታል፤ ከሌለ ምንም አይመጣለትም።

አውሮፕላን ውስጥ አስተናጋጇ ቢጫውን ጃኬት ስታሳይ እኔ ሁልጊዜ የማስበው ኅዳር 14 ቀን 1989ን ነው፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያስታውሰዋል። ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው አውሮፕላናችን ውስጥ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከውድቀቱ ተርፈው የነበሩ ብዙዎች ጃኬታቸውን ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ ነፍተውት ስለነበር፣ ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው አንሳፎ አስቀራቸው። ሕይወት ሊያድን የተሠራው ዕቃ እጃቸው ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕቃውን ሰጥቶ አጠቃቀሙን በወጉ ያልነገረን ሰው ሰጠ ለማለት ይከብደኛል።

ደግሞም እኛ ባሕር የለንም። ከ1985 ወዲህ የተወለደው ትውልድ የአገሩን ባሕር የሚያውቀው ከአባቱ ወሬ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለድነው ደገኞችም ብንሆን ምጽዋን ያየነው በጣት የምንቆጠር ነን። ጣሊያኑ እንግዳ ከልጅነቱ ጀምሮ ክረምቱን ባሕር ዳር ያሳለፈ ነው፤ ለእሱ አንድ መስመር ሊበቃው ይችላል። የእናንተ ደንበኛ እኔ ነኝ። የሐይቅ ልጅ የሆነውም ሰው ከእኔ አይሻልም፤ እንዲያውም ይብሳል። እኔ አልችልም ስላልኩ ገመድ ታሰረልኝ፤ እሱ እችላለሁ ስላለ ተለቀቀ። ስለዚህ «ዋና ትችላላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። «ባሕር ውስጥ ዋኝታችሁ ታውቃላችሁ?» በሉ። «መነጽርና ቱቦ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ?» በሉ። ጠረጴዛችሁ ላይ፣ የቢጫ ወባ ካርዱን ስትጠይቁ፣ በዚያው ትንፋሽ።

የልብ ሕመም፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን እንዲያማክር መንገርም አምስት ሰከንድ ነው የሚወስደው። የሚያጥወለውለው ሰው ደግሞ መድኃኒቱን የሚውጠው ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ገደማ በፊት እንጂ ጀልባ ላይ ማስመለስ ሲጀምር አይደለም፤ አብዛኞቹ እንቅልፍ እንደሚያመጡም ይወቅ። ይህንን በነፃ እነግራችኋለሁ፣ ሙያዬ ነው። ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አያቃጥለውም የሚለውንም ተዉት። አንድ ሰዓት በደረቴ ተኝቼ ጀርባዬ ለሦስት ቀን ልብስ አላስነካ ብሎኛል። የሚሻለው ከቅባትም በላይ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ነው። ከቅባቶቹ አንዳንዶቹ ኮራሉን ይጎዳሉ ተብለው ሃዋይ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሽያጫቸውን ከልክላለች፤ ልብስ ግን ማንንም አይጎዳም።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር ልበል። የፋሲካ ሰሞን ጥቅል ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ማንም አልነገረንም፤ የበዓል ቅናሽ መስሎን ነበር። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በዛንዚባር የትልቁ ዝናብ ወቅት ነው፤ እነሱ «ማሲካ» ይሉታል። ሆቴሉ ግማሹ ባዶ ነው፣ አንዳንዱ ጨርሶ ይዘጋል፣ ውኃውም እንደ ፎቶአችሁ ጥርት ያለ አይደለም። የእኛ በዓልና የእነሱ ዝናብ መገጣጠሙ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ርካሽ መሸጣችሁም ደግ ነው፤ ብንሰማ ኖሮም እንሄድ ነበር፤ ሌላ ዕረፍት የለንም። ግን ጃንጥላ ይዘን፣ ለዋና ሦስት ቀን ትርፍ ትተን እንሄድ ነበር።

ከሁሉ አስበልጬ የምለምናችሁ ስለዚህ ትርፍ ቀን ነው። የጀልባዋን ቀን ከአዲስ አበባ አትቁረጡት። «ከአራቱ ቀናት በአንዱ፣ አስጎብኚው ባሕሩን አይቶ በሚወስነው ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ ገንዘቡንም ባሕር ላይ ለማይወጣ ሰው ሙሉ ለሙሉ የሚመለስ አድርጉት። ያኔ ያ ልጅ «ዛሬ አይሆንም» ብሎ ሲናገር የዕለት እንጀራውን አያጣም። እግረ መንገዳችሁን ስንት እንግዳ ለአንድ አስጎብኚ እንደሚመደብ ጠይቁልን። አሥራ አራት ሰው ለአንድ ልጅ በዝቷል፤ ሁለተኛ ሰው ለመጨመር ብትጠይቁን እንከፍላለን፣ ቢያንስ እኔ እከፍላለሁ። ለትልልቅ ሰዎች የሚበቃ ጃኬት መኖሩንም ጠይቁ፤ ባለቤቴ ብብቱን ያዘኝ ያለው እብሪት ብቻ አልነበረም፣ በእውነትም ጠቦት ነበር።

በራሪ ወረቀቱ ላይ ያለውን የኮከብ ዓሣ ፎቶም አስወግዱት። ሴትዮዋ ከውኃ አውጥታ መዳፏ ላይ የያዘችው ያ ቀይ ኮከብ ሕይወት ያለው ነው፤ የሚተነፍሰው ውኃ ውስጥ ነው። ከእኛ ጀልባ የነበሩት ሙሽሮችም ያንኑ ፎቶ ለመድገም አሸዋማው ቦታ ላይ ሲያወጡት ሲመልሱት ቆዩ፤ የት እንዳዩት ስጠይቃቸው ስልካቸውን ከፍተው የአንዳችሁን ማስታወቂያ አሳዩኝ።

የባለቤቴን ነገር ልጨርስ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ከጥላ ሥር አልወጣም። ሐሙስ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲቆይብኝ በሩን አንኳኳሁ፤ ሲወጣ የላይኛው ከንፈሩ ባዶ ነው። በሃያ ዓመት ትዳር አይቼው የማላውቅ ሰው በሩ ላይ ቆመ። አስጎብኚው ቫዝሊን ቀባ ማድረግም እንደሚረዳ ነግሮት ነበር፤ እሱ ግን ግማሽ ሥራ አይወድም። ያን ቀን ዘግይተን፣ ውኃው በረጋበት ሰዓት፣ ጃኬት ለብሶ፣ መጀመሪያ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆሞ እንደ ተማሪ «ቱፍ» እያለ ተለማምዶ ገባ። አንዲት የባሕር ኤሊ ከሥራችን አለፈች፤ ክንዴን ጨብጦ እስክትጠፋ ድረስ አልለቀቀኝም። አየሁላችሁ፣ የምትሸጡት ነገር እውነተኛ ነው።

አንድ ገጽ ጽፌላችኋለሁ፤ በአማርኛ፣ በሃያ መስመር። ስኖርክሊንግ ምን እንደሆነ፣ ምን ይዞ እንደሚኬድ፣ መነጽሩ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ጅረት ሲወስድ ከጅረቱ ጋር አለመታገልን፣ እጅ ወደ ላይ ዘርግቶ እርዳታ መጠየቅን፣ ኮራል ላይ አለመቆምን ይዟል። ስሜም የለበትም፣ ዋጋም የለውም። የሚፈልግ ድርጅት አባዝቶ ከቲኬቱ ጋር ይስጠው፤ የተሻለ መጻፍ የሚችልም የራሱን ይጻፍ። ስለ ጢም የሚናገረውን አሥራ አንደኛ መስመር የጨመረው ባለቤቴ ነው፤ እንዳታወጡበት አደራ ብሏል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደንበኞቻችሁ አንዷ
አዲስ አበባ